ከቀዶ ሕክምናው በኋላ
ከ5000 ሕፃናት አንዱ ገደማ በታችኛው አንጀቱ የነርቭ ሕዋሳት ሳይኖሩት ይወለዳል። ዴንማርካዊው ሐኪም ሂርሽስፕሩንግ በ1886 (እ.ኤ.አ.) በገለጹት በዚህ ሕመም ነርቭ አልባው ክፍል ስለማይላላ ሰገራ ይታገዳል፤ ከበላዩ ያለው አንጀትም ይለጠጣል። ቀዶ ሐኪሞች ነርቭ አልባውን ቆርጠው ጤናማውን ወደ ፊንጢጣ ያወርዳሉ።

ችግሩ ግን ሁልጊዜ በዚህ አያበቃም። በላፕላስ ሕግ መሠረት የቱቦ ግድግዳ ውጥረት የግፊትና የሬዲየስ ብዜት ነው። ስለዚህ የአንጀት ሬዲየስ በእጥፍ ሰፍቶ ከቀረ፣ ጡንቻው በዚያው ውጥረት የሚፈጥረው ግፊት በግማሽ ይቀንሳል። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ለሚቀጥል ድርቀት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ውኃ በበቂ የማይጠጣ ልጅ ይብስበታል። የተጠራቀመው ሰገራ ሳይታወቀው ሊያመልጠውም ይችላል።

በሐኪም የሚመራ አመጋገብና የአንጀት እጥበት ብዙዎችን ይረዳል። ውኃ ያለው የትምህርት ቤት መጸዳጃና የማይሳለቅ ጓደኛ ግን የእኛ ድርሻ ናቸው።