የደቡብ መንገድ ቅርሶችና የነጋዴው ድርሻ

ለአገር የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባው ወደ ውጭ የሚላክ ሸቀጥ ብቻ አይደለም። ከባሕር ማዶ መጥቶ በኢትዮጵያ ምድር ገንዘቡን የሚያወጣ ጎብኚም እንደ ቡና ገዢ ሁሉ ደንበኛ ነው። ልዩነቱ የቡናው ዋጋ በላኪው እጅ ሲገባ፣ የጎብኚው ገንዘብ ግን ለሆቴል፣ ለነዳጅ ማደያ፣ ለምግብ ቤትና ለባለ ሱቅ እየተከፋፈለ በመንገዱ ላይ መቅረቱ ነው። ይህንንም ለመረዳት ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ ኮንሶ ወርዶ በሐዋሳ በኩል የሚመለሰውን የአውቶሞቢል ጉዞ መመልከት ይበቃል።

መንገደኛው 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጥሬን ያገኛል። የጥንት ሰው ከባልጩትና ከሌላም ድንጋይ የሠራቸው መሣሪያዎች የተገኙበት ይህ ሥፍራ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከዚያ ቀጥሎ በጢያ በጠቅላላው 36 የጥንት ትክል ድንጋዮች ሲገኙ፣ 32ቱ የሰይፍና የሌላም ምልክት ቅርጽ አለባቸው። እነዚህም ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው መዝገብ ይገኛሉ። በሁለቱም ሥፍራ እንግዳው የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ንጹሕ ማረፊያ፣ ቡናና ምግብ ካላገኘ ምንም ሳይገዛ ያልፋል።

አርባ ምንጭ ግን ማደሪያ ነው። የዓባያና የጫሞ ሐይቆች፣ በመካከላቸው ያለው የእግዜር ድልድይ፣ የጫሞ አዞዎችና ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ከአንድ ቀን በላይ ያስቆያሉ። በተራራው ላይ ያሉት ዶርዜዎችም በሽመና ሥራቸው የታወቁ ስለሆኑ እንግዳው ሸማው ሲሠራ አይቶ ከሠሪው ይገዛል።

ከዚህ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ምድር ይገኛል። ሕዝቡ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ከልሎ አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ ጠብቆ ያርሳል፤ መንደሮቹም በድንጋይ ካብ የታጠሩ ናቸው። ለተከበሩ ሰዎችና ለጀግኖች መታሰቢያ ከእንጨት ተቀርጾ የሚቆመው ሐውልት ዋካ ይባላል። በዚህ አገር ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥል በመሆኑ፣ የአዲስ አበባን ክረምት ብቻ ተመልክቶ ለእንግዳ የሚዘጋጅ ነጋዴ ጊዜውን ይስታል።

ነጋዴው ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም በዚሁ በዋካ ነገር ነው። ከመቃብር ላይ እየተነሡ የተሸጡና የጠፉ ዋካዎች ብዙ ናቸው። ዋካውን የሸጠ ሰው ዋጋውን አንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ሐውልቱን ሊያይ በየዓመቱ የሚመጣው እንግዳ ግን የሚያየው ያጣል፤ የሟቹም ወገኖች መታሰቢያቸውን ያጣሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ባለ ሱቁ አሮጌ ዋካ ቢቀርብለት ሊገዛ አይገባውም። በዛሬ ጠራቢዎች እጅ የተሠራውን ግን በነፃነት ሊሸጥ ይችላል። በደረሰኙም ላይ ዕቃው አዲስ መሆኑን፣ የተሠራበትን ሥፍራና ዓመት ቢጽፍ ገዢውን በጉምሩክ ፍተሻ ከመንገላታት ይጠብቀዋል። የእጅ ሥራ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴም ከአቅራቢው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳይቀበል ዕቃ ባይረከብ ይበጀዋል።

በመልሱ ጉዞ የሐዋሳ የዓሣ ገበያ፣ ጥልቁ የሻላ ሐይቅና የላንጋኖ መዋኛ እንግዳውን ይቀበላሉ። ለሻላ ጎረቤት የሆነው የአብጃታ ሐይቅ ግን ውሃው ለሶዳ አሽ ምርት፣ ገባሮቹም ለመስኖ በመዋላቸው ከቀድሞ ዳርቻው ብዙ ሸሽቷል። በአእዋፍ ብዛት የታወቀ ሐይቅ ሲጎድል ከአእዋፉ ጋር ጎብኚውም ይቀንሳል።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ለሚነግድ ሰው ትክል ድንጋዩ፣ ዋካውና ሐይቁ ዋና ገንዘቡ ናቸው፤ ሸማው፣ ዓሣው፣ ቡናውና አልጋው ደግሞ ትርፉ ናቸው። ዋናውን ሸጦ የሚበላ ነጋዴ በማናቸውም ገበያ እንደማይሰነብት የታወቀ ነው።