«እመጣለሁ» ያልነውን እንዳንረሳ፦ አራት ነጻ የሥራ ዝርዝር አፕሊኬሽኖች ሲነጻጸሩ



ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ወላይታ ሶዶ ውስጥ አንዲት እህት መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «ፓስተር፣ እማዬ ታማለች፤ እርስዎን ትጠይቃለች» አለችኝ። «ሐሙስ እመጣለሁ» አልኳት፤ ከልቤም ነበር። ነገር ግን ሰርጉ፣ የሽማግሌዎች ስብሰባውና ለቅሶው ተደራረበና ሐሙስ አለፈ። ትዝ ያለኝ የእናትየዋን ማረፍ ስሰማ ነው። ቤተሰቡ አልወቀሰኝም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጭንቅላቴ ብቻ መያዝን ተውኩ። በስልክ ላይ የሚጫኑ አራት ነጻ አፕሊኬሽኖችንም በየተራ ሞከርኩ። ምናልባት ይጠቅማችኋልና ያየሁትን ላካፍላችሁ።

1. ጉግል ታስክስ። የጂሜይል አድራሻ ያለው ሰው ሌላ ምዝገባ አያስፈልገውም። ሥራውን ይጽፋል፣ ቀንና ሰዓት ይሰጠዋል፣ ከፈለገም በየሳምንቱ እንዲደጋገም ያደርገዋል። የጻፈው በጉግል ካላንደር ላይም ይታያል። ጉድለቱ የግል ዝርዝራችሁን ለሌላ ሰው ማጋራት አለመቻሉ ነው።

2. ማይክሮሶፍት ቱ ዱ። የዕለቱን ሥራ ብቻ የምናስቀምጥበት ገጽ አለው፤ ይህ ገጽ ሌሊት ባዶ ስለሚሆን በየጠዋቱ «ዛሬ የምሠራው የቱን ነው?» ብለን እንድንመርጥ ያደርገናል። ያልሠራነው ግን ከዋናው ዝርዝር አይጠፋም። ትልቁ ጥቅሙ ዝርዝሩን ለሌሎች ማጋራት መቻሉ ነው። ለኮንፈረንስ ዝግጅት ወንበሩን፣ ድምፅ ማጉያውንና ምግቡን ለየሰዉ አከፋፍሎ፣ ማን እንደጨረሰ ሁሉም ያያል።

3. ቱዱዊስት። ሥርዓት ለሚወድ ሰው ይመቻል፤ ነጻው አገልግሎት ግን በ5 ፕሮጀክት የተወሰነ ነው። ቀኑን በእንግሊዝኛ ስትጽፉለት ራሱ ይረዳል፤ በአማርኛ ግን «ሰኞ» ብትሉት አያውቅም፣ ከካላንደሩ በእጅ መምረጥ አለባችሁ።

4. ትሬሎ። ሥራው በካርድ ተጽፎ «የሚሠራ»፣ «የተጀመረ»፣ «ያለቀ» ከሚሉ ዓምዶች ወደ አንዱ ይዛወራል። ለሕንፃ ግንባታ ኮሚቴ ጥሩ ነው። ለአንድ ሰው የዕለት ሥራ ግን ይበዛል፤ በስልክ ጠባብ ገጽም አይመችም።

አራቱም የአማርኛ ፊደል ይቀበላሉ። ኔትወርክ በሌለበትም ይጽፋሉ፤ ኔትወርክ ሲመለስ የተጻፈውን ያስተላልፋሉ። ወደ ገጠር አጥቢያዎች ለሚመላለስ አገልጋይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ከመጀመራችሁ በፊት አራት ማሳሰቢያ አለኝ።

አንደኛ፣ ሰዓቱ። የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በስልኩ 9:00 ነው። እኔ አንድ ጊዜ ጠዋት ብዬ 3:00 ሞልቼ፣ ስልኩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቤተሰቡን በሙሉ ቀስቅሷል።

ሁለተኛ፣ ቀኑ። የሚደጋገመው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ2018 ዓ.ም. ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10 ሲሆን፣ ጥር 1 ግን ጃንዋሪ 9 ነው። ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የሚሰበሰብ ኮሚቴ ካላችሁ በየወሩ በእጅ ሙሉት። ጊፋታም ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ እንዲሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ምስጢር። ለምክር የመጣን ሰው ስምና ችግር አብራችሁ አትጻፉ። ስልካችንን ልጆቻችን ይነካሉ፤ የተጋራ ዝርዝርን ደግሞ ብዙዎች ያነቡታል። «ማክሰኞ 10 ሰዓት ቀጠሮ» ማለት ይበቃል።

አራተኛ፣ ነጻ ነገር ሊዘጋ ይችላል። ዉንደርሊስት የተባለው ብዙዎች የወደዱት አፕሊኬሽን በማይክሮሶፍት ከተገዛ በኋላ በ2020 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። መብራት ጠፍቶ ባትሪ የሚያልቅበትም ቀን አለ። ዋና ዋናውን በደብተርም ያዙ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ለብቻው ለሚሠራ ጉግል ታስክስ ይበቃዋል። ከሌሎች ጋር ለሚያገለግል ማይክሮሶፍት ቱ ዱ ይሻላል። እኔም በመጨረሻ ያስቀረሁት እነዚህን ሁለቱን ነው። ሁሉን ጭኖ አንዱንም አለመክፈት ግን ሌላ ድካም ነው።

በዘጸአት 18 ዮቶር ሙሴን ሸክሙን ከሌሎች ጋር እንዲካፈል መክሮታል። የእኔም ትልቁ ስሕተት መርሳቴ ብቻ አልነበረም፤ ቃሌን ለማንም አለመናገሬም ነበር። ዛሬ የሕሙማን ጉብኝት ዝርዝራችን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የተጋራ ነው። እኔ ለቅሶ ላይ ብውል አንዱ ይሄዳል።

እናንተም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት «እመጣለሁ» ብላችሁ ያልሄዳችሁባቸውን ሦስት ቤቶች ጻፉ። ደወሉን ስልኩ ይደውላል፤ በሩን የምታንኳኩት ግን እናንተ ናችሁ።

ጌታ ዘመናችሁን ይባርክ።