ስንብት ያልነበረው ኀዘንና የትንሣኤ በዓል

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ያቀና የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ በወቅቱ ለቤተሰብ የሚሰጥ አስከሬን አልነበረም። በሳምንቱ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የ17 ኢትዮጵያውያን ሥርዓተ ጸሎት የተፈጸመው በሰንደቅ ዓላማ በተሸፈኑ አስከሬን አልባ ሣጥኖች ነው።

ድንገተኛ ሞት ስንብትን ይነሣል። ሕመምተኛ ያስታመመ ቤተሰብ ውኃ አቀብሏል፣ የንስሐ አባት ጠርቷል፤ እነዚህ ግን ማለዳ ሸኝተው ያንኑ ቀን መርዶ ሰሙ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ብላ መታሰቢያን የሠራችው ስለ ሙታን ለመጸለይ ነው። ሆኖም ለቋሚም ይበጃል ባዮች ነን፤ ለቀስተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የሐዘንተኛው በር ዳግመኛ ይንኳኳልና።

በዚያ ዓመት አርባው በወጣ በዐሥር ቀን ውስጥ ፋሲካ ገባ፤ ሚያዝያ 20። «ፋሲካ ነው፣ በቃሽ፣ አታልቅሺ» የሚሉ ጎረቤቶች መልካም አስበው ነው። ዳሩ ግን ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል። ስለዚህ በዘንድሮው በዓል እንዲህ ያለ ኀዘን ወደ ገባበት ቤት ድፎ ይዘን ስንሄድ የሟቹን ስም ለመጥራት አንፍራ፤ እናትየዋም ዶሮ ባትሠራ ቅር አንሰኝ።