ከሳጥን ስር የወጣ ባንዲራ ስንት ያወጣል?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ያገለገለ ሞባይል ስንት እንደሚያወጣ አፉን ሞልቶ የሚናገር፣ የጫማ ኦርጅናልና ፎርጅድ በዓይኑ ብቻ የሚለይ አራዳ ስንት አለ? ሞልቷል! እዚያው እቤቱ፣ ከአያቱ አልጋ ስር፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የኖረው የጦር ባንዲራ ስንት ያወጣል ብትሉት ግን «ያቺ አሮጌ ጨርቅ?» ብሎ ይስቅባችኋል። ደላላው አይስቅም። ደላላው ዋጋውን ባያውቅ እንኳ እናንተ እንደማታውቁት ያውቃል። ለእሱ ይህ ብቻ ይበቃዋል።

እንዲህ ያለ ሳጥን ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። አርበኛ የነበሩ፣ ክቡር ዘበኛ ያገለገሉ፣ ኮሪያ የዘመቱ አያቶች ያሳደጓቸው ልጆች ዛሬ ውርስ እየተካፈሉ ነው። ቤቱና መሬቱ ላይ ሲጣሉ ሳጥኑን የሚያየው የለም። ካዩትም ቸኩለው ነው የሚሸጡት። ስለዚህ ዛሬ የፍቅሩንና የትዳሩን ጨዋታ ለአንድ ሳምንት አሳርፈን ስለዚህ ጨርቅ እናውራ። (አይዟችሁ፣ ፍቅርም ትዳርም የትም አይሄዱም!)

መጀመሪያ ዶላሩን እናውራ

እ.ኤ.አ. በ2006 ኒውዮርክ ውስጥ ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት አራት አሮጌ ባንዲራዎችን ለጨረታ አቀረበ። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ አንድ የእንግሊዝ መኮንን የማረካቸው ናቸው። የመኮንኑ ቤተሰብ ከ220 ዓመት በላይ ይዟቸው ቆይቷል። ስንት ቢያወጡ ጥሩ ነው? አራቱ በድምሩ 17.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ!

እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ለንደን ውስጥ፣ በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ ላይ አንድ የእንግሊዝ መርከብ ያውለበለበው ባንዲራ ተሸጠ። ባሕርተኞቹ ለሚወዱት መኮንን በስጦታ ሰጥተውት ከልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ከ15 ሺህ ፓውንድ በላይ ያወጣል ብሎ የገመተ አልነበረም። 384 ሺህ ፓውንድ አወጣ።

ሦስተኛውን ስሙማ። እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካ ውስጥ ሊትል ቢግሆርን በተባለው ቦታ የአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር በአገሬው ተወላጆች ተደመሰሰ። ከውጊያው በኋላ አንዲት የሐር ባንዲራ ከአንድ የሞተ ወታደር አስከሬን ስር ተገኘች። ዲትሮይት ያለ ሙዚየም በ1895 በ54 ዶላር ገዛት። በ2010 ሸጣት፤ 2.2 ሚሊዮን ዶላር! ይህች ባንዲራ ደግሞ የተበሳች፣ ከላይዋም ቁራጭ የጎደለባት ነች።

ተረጋጉ! እናንተ ሳጥን ውስጥ ሚሊዮን አለ አልወጣኝም። ከሦስቱ ታሪኮች አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ገዢው የከፈለው ለጨርቁ አይደለም። ጨርቅማ መርካቶ በሜትር ይሸጣል። የከፈለው «ይህ ጨርቅ በዚያች ቀን እዚያ ቦታ ነበር» ለሚለው ታሪክ፣ ከታሪኩም ጋር አብሮ ለቀረበው ማስረጃ ነው። ማስረጃ የሌለው ባንዲራ መታወቂያ እንደሌለው ሰው ነው፤ ሰው መሆኑን ማንም አይክድም፣ ግን ማን መሆኑን ማን ይመስክርለት?

አምስቱ ጥያቄዎች

ባንዲራ አየሁ ብላችሁ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ።

አንደኛ፣ ጨርቁ ምንድነው? የድሮ የጦር ባንዲራ ከሐር፣ ከጥጥ ወይም ከሱፍ ነው የሚሠራው። ናይለን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ፖሊስተር የተስፋፋው ደግሞ በ1950ዎቹ። ስለዚህ «የአድዋ ነው» የተባለ ባንዲራ ፖሊስተር ከሆነ አድዋን በሕልሙ ነው ያየው ማለት ነው። እንዴት ይለያል? ራሱ ተመዝዞ የወደቀ አንድ ክር ካገኛችሁ፣ ከባንዲራው ራቅ ብላችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ሐርና ሱፍ ፀጉር ሲያር የሚሸተውን ይሸታሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። ሰው ሠራሽ ክር ቀልጦ እንደ ዶቃ ይድቦለቦላል። የወደቀ ክር ከሌለ ግን ተዉት፤ ለፍተሻ ብሎ መምዘዝ የለም!

ሁለተኛ፣ አርማው ከዘመኑ ጋር ይስማማል? አንድ ሰው «አድዋ ላይ የተማረከ» ብሎ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ የጣሊያን ባንዲራ አመጣላችሁ እንበል። መሃሉ ባዶ ነው። ይኼኔ ጠርጥሩ። ጣሊያን እስከ እ.ኤ.አ. 1946 ድረስ በንጉሥ ነበር የምትገዛው። በባንዲራዋ መሃል ላይ የንጉሣዊው ቤተሰብ ጋሻ፣ ማለትም በቀይ መደብ ላይ ነጭ መስቀል ነበረበት። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የነበረው ጦርም፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የወረረውም የዚያው ንጉሣዊ ቤተሰብ ጦር ነው።

የእኛንም እንይ። አንበሳው ዘውድ ደፍቶ፣ ጫፉ ላይ መስቀል ያለበት ዘንግ ከያዘ የንጉሡ ዘመን ነው። ደርግ እንደመጣ አንበሳው ዘውዱን ተቀማ፤ መስቀሉም በጦር ጫፍ ተተካ። በ1980 ዓ.ም. ኢሕዲሪ ሲመሠረት ሌላ አርማ ወጣ። ሰማያዊ ክብ ላይ ኮከብ ያለበት አርማ የመጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ «አያቴ በ1943 ኮሪያ ይዘውት የዘመቱት» ተብሎ ዘውድ የሌለው አንበሳ ከቀረበላችሁ፣ ወይ አያትየው ነቢይ ነበሩ፣ ወይ ሻጩ ውሸታም ነው። አርማ የሌለው ልሙጥ ባንዲራ ሲሆን ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ወደ ሌሎቹ ጥያቄዎች እለፉ።

ሦስተኛ፣ የቱ ጋ ነው ያረጀው? በነፋስ የተውለበለበ ባንዲራ የሚበጣጠሰው ከዘንጉ በራቀው ጫፉ በኩል ነው። ለዓመታት ተጣጥፎ የተቀመጠ ደግሞ በእጥፋቱ መስመር ላይ ይሳሳል። ፀሐይ ያገኘው ቀለም ሲለቅ ስፌቱ ስር የተደበቀው ደማቅ እንደሆነ ይቀራል። ፎርጅድ የሚሠራው ሰውዬ ግን ይህን ሁሉ አያስብም፤ በሻይ ይነክረዋል፣ በምላጭ እዚህም እዚያም ይቀደዋል። ውጤቱ? ስፌቱ ስር ሳይቀር አንድ ዓይነት ቡናማ፣ ዘንግ ሥር ሳይቀር ቀዳዳ! የሻዩ ሽታም አንዳንዴ አብሮ ይመጣል። ስኳሩ ነው የቀረው።

አራተኛ፣ እንዲህ ያለው ስንት አለ? መሥሪያ ቤት ሁሉ የሰቀለው ዓይነት ባንዲራ ቢያረጅም ብዙ ነው። የአንድ ክፍለ ጦር ወይም የአንድ ሻለቃ ስም የተጠለፈበት ግን ጥቂት ነው። በገዢ ዓይን ጥቂቱ ይወደዳል። ጥልፉን ገልብጣችሁ በጀርባው እዩት። በእጅ የተጠለፈ ከሆነ የክሩ መሄጃ የተዘበራረቀ ነው፤ የማሽኑ አንድ ወጥ ነው። ሆኖም የልብስ ስፌት መኪና ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ «በመኪና ተሰፍቷልና አዲስ ነው» የሚላችሁን ደላላ አትመኑት።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ ማን ያዘው? ማን ይመሰክራል? ፎቶግራፍ፣ የጦር ሠራዊት መታወቂያ፣ የሜዳልያ ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ በባንዲራው ጠርዝ ላይ በቀለም የተጻፈ ስም... ባንዲራውን ከአንድ ሰውና ከአንድ ቀን ጋር የሚያስተሳስረው ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ጥያቄዎች የሚነግሯችሁ ሐሰት አለመሆኑን ነው። ዋጋ የሚሰጠው አምስተኛው ነው።

ለበጎ የታጠበችው ባንዲራ

የማውቃቸው ሦስት ወንድምና እህቶች አሉ። ስማቸው ምን ያደርግላችኋል? አያታቸው ኮሪያ የዘመቱ ወታደር ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ ከሳጥናቸው አንዲት አነስተኛ ባንዲራ ተገኘች፤ በዘንግ በኩል ባለው ነጭ ጠርዟ ላይ የጓደኞቻቸው ስም በቀለም ተጽፎባታል።

ትልቁ ልጅ ሥራ ፈትቶ ነበርና በጀለሶቹ በኩል ገዢ አፈላለገ። ታናሽ እህቱ ደግሞ «እንዲህ ቆሽሻ እንዴት ለእንግዳ ትቀርባለች?» አለችና በዱቄት ሳሙና እሽት አድርጋ አጠበቻት፣ ተኮሰቻት። ለበጎ ነው! ስሞቹ ግን ከውሃው ጋር ሄዱ።

ገዢው መጣ። ከኪሱ የብር ኖት የሚፈተሽበትን ሐምራዊ መብራት አውጥቶ አበራባት። ባንዲራዋ ሰማያዊ ሆና ቦግ አለች። «በቃ፣ ፎርጅድ ነች። የድሮ ጨርቅ እንዲህ አያበራም» አለና የጨርቅ ዋጋ ጠራ። ወንድምየው እህቱ ላይ ጮኸ፤ እህትየው አለቀሰች፤ መሃከለኛው በሩን በርግዶ ወጣ።

አሁን ልብ በሉ። ሰውዬው ግማሹን እውነት ተናግሯል። በዚያ መብራት ቦግ የሚለው ሳሙና ፋብሪካዎች ነጭን ይበልጥ ነጭ ለማስመሰል የሚጨምሩት ቅመም ነው። ይህ ቅመም የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ስለሆነ፣ ታጥቦ የማያውቅ የድሮ ጨርቅ እንደዚያ አያበራም። የታጠበ የድሮ ጨርቅ ግን ያበራል! መብራቱ የመሰከረው ባንዲራዋ ሳሙና ማግኘቷን እንጂ መቼ መሠራቷን አይደለም። ሰውዬው ይህን ቢያውቅም ባያውቅም ለኪሱ ተመችቶታል።

ነገሩን ያዳኑት ጓዳ ቁጭ ብለው ጭቅጭቁን ይሰሙ የነበሩት አያት ናቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ነው። «ጥጓን እዩዋት» አሉ። «እኔ ነኝ የጠቀምኳት። አረንጓዴ ክር አጥቼ በጥቁር ነው የጠቀምኳት።» ታየች፤ ጥቁር ክር አለ። ከዚያ ከመጽሐፋቸው መሃል ፎቶግራፍ አወጡ፤ ወታደሩ ባል ባንዲራዋን ይዘው ቆመዋል፣ ከጓደኞቻቸው ጋር። አያት እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ ስም ጠሩ። በውሃ የሄዱትን ስሞች!

ገዢው ዋጋውን ጨመረ። አልተሸጠችም። የጠፋው ቀለም አልተመለሰም፣ አይመለስምም። ስሞቹ ግን ዛሬ በወረቀት ላይ ሰፍረዋል፤ የአያትም ድምፅ ተቀድቷል። ወንድምየው አሁንም ሥራ እየፈለገ ነው፤ ይህን ደብቄ ተረት አላደርግባችሁም። ከእህቱ ጋር ግን ታርቀዋል።

አደራ፣ አደራ!

አትጠቡ። አትተኩሱ። የተቀደደውን አትስፉ፤ የድሮውን ጥቅምም አትፍቱ፣ እሱ ራሱ ምስክር ነው። በማጣበቂያና በፕላስተር አታያይዙ። ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። መልሳችሁ መልሳችሁ በዚያው መስመር አትጠፉ፤ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሸፍናችሁ በወፍራም ጥቅል ላይ ጠቅልሉና ደረቅና ጨለም ያለ ቦታ አስቀምጡ። ስትነኩት እጃችሁ ይታጠብ፣ ይድረቅ። በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሱት፤ ቁመቱንና ወርዱን ለኩ።

ከሁሉ በፊት ግን አያታችሁ ዘንድ ቁጭ በሉ። ሞባይላችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። ማን ሰጠው? መቼ? ማን አጠገብ ነበር? ይህን የሚያውቁት ሰው ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። ባንዲራው በሳጥን ውስጥ ይጠብቃችኋል፤ አያት ግን አይጠብቁም።

ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?

ችግር ሲኖር መሸጥ ነውር አይደለም። ከመሸጣችሁ በፊት ግን ቢያንስ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለትና ሦስት ሰዎች ይዩት። «ዛሬ ካልሸጣችሁ ነገ አልገዛም» የሚል ገዢ ለእናንተ አልቸኮለም። አንድ እጅ ብቻ የወረሰው ካልሆነም ወንድም እህት ሁሉ ይስማማ።

አንድ ደግሞ ውጪ አገር ያለ ዘመድ «ስጡኝ፣ በሻንጣዬ ይዤው ልሂድና እዚያ በዶላር ልሽጠው» ይል ይሆናል። ተጠንቀቁ! በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ጥርጣሬ ካለ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ነው። ኤርፖርት ላይ ተይዞ ባንዲራውንም ክብርንም ከማጣት ይሻላል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተጋዘው ንብረት እስከ ዛሬ እያንዳንዱን ለማስመለስ ምን ያህል እንደሚለመን ታውቃላችሁ። እሱ በጉልበት ነው የሄደው። የእኛ በገዛ ሻንጣችን ባይሄድ ምን ይለናል?

እንግዲህ ደላላ ቤታችሁ መጥቶ «ስንት ትሉታላችሁ?» ሲል መልሳችሁ ጠይቁት፤ «ምን መሆኑን አንተ ታውቃለህ?» በሉት። መልሱን ስትሰሙ የሰውየውን ዋጋ ታውቃላችሁ። የባንዲራውን ዋጋ የምታውቁት ግን ከእሱ አይደለም፤ ከአያታችሁ አፍ ነው።

በሉ፣ ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!