ማን በላ? ማን ተበላ?

ደመወዝ ተቀብላችሁ ከመሥሪያ ቤት ስትወጡ፥ ተማሪም ከሆናችሁ ከወላጅ የተላከላችሁን ገንዘብ በኪሳችሁ ይዛችሁ በአንድ ትልቅ ሆቴል በር ስታልፉ፥ «እኔስ አንድ ቀን እዚህ ገብቼ ራት ብበላ ምን አለበት?» ብላችሁ አስባችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ አስቤ አውቃለሁ። አስቤም አልቀረሁ፤ ገብቼ በልቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ራትና ራቱን ተከትሎ ስለ መጣው ሒሳብ ነው።

ሥራዬ በደብረ ታቦር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ነው። ደብረ ታቦርን ላላየ ሰው፥ ከባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ የተቀመጠች፥ የጉና ተራራ ብርድ የሚወርድባት፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ የሚያዘግምባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አገር ራት ማለት ሽሮው ሲንተከተክ ከምድጃው አጠገብ መቀመጥ ነው። ለራት ብሎ መኪና ተሳፍሮ ሌላ ከተማ መውረድ የእብድ ሥራ ይመስላል።

ይህን የእብድ ሥራ ያሠራን በመዝገብ ቤት የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር አንድ እሑድ ማለዳ በሬን ደበደበና፥ «በላሁ! አሥራ ሁለት ሺህ ብር በላሁ!» አለኝ። ገንዘቡ የመጣው ከእግር ኳስ ውርርድ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔን፥ አንድ ሌላ መምህርና የትምህርት ቤታችንን ንብረት ክፍል የሚጠብቁትን ጋሼን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፥ ሁላችንንም እንደ ልጆቻቸው የሚያዩን ሰው ናቸው።

የገባንበት ሆቴል ጣናን ፊት ለፊት የሚያይ ነበር። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ የአፍ መጥረጊያው እንደ አበባ ታጥፎ ቆሟል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሹካ፥ ሁለት ቢላዋና ሦስት ብርጭቆ ተደርድሯል። አሳላፊው ባለ ቆዳ ልባስ የምግብ ዝርዝር ሰጠን። ስሞቹ አብዛኞቹ የፈረንጅ ናቸው፤ ዋጋው ግን በትንንሽ ቁጥር በዳር ተጽፏል። ዓይኔ ወደዚያ ሲሄድ ጓደኛዬ አየኝና፥ «ዋጋውን አትመልከት፤ ዛሬ የእኔ ቀን ነው» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ አንድ ረጅም ስም ያለው ዓሣ አዘዝሁ። መጥቶ ቢታይ በቅቤ የተጠበሰ የጣና ቀረሶ ነው። ጋሼ ዓሣውን አተኩረው አዩና፥ «ይኸማ የራሳችን ቀረሶ ነው፤ ማን ክርስትና አነሣው?» ቢሉ ከሣቅ የተነሣ ውሃ ትን አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አሳላፊው ሳህን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ጋሼ፥ «ልጄ፥ አንተስ በልተሃል?» ብለው ጠየቁት። ከሳህናቸውም አንድ ጉርሻ አዘጋጅተው ዘረጉለት። ልጁ ግራ ቀኙን አይቶ፥ «ይቅርታ አባቴ፥ በሥራ ላይ አይፈቀድልንም» አለና ቀላ። ጓደኛዬ ደግሞ፥ «ጋሼ፥ እዚህ ጉርሻ የሚሰጠው በብር ነው» አላቸው። ጋሼም ጉርሻውን ወደ ሳህናቸው መልሰው ዝም አሉ። ያች ዝምታቸው ይህን ጽሑፍ አስጻፈችኝ።

ሦስት ዓይነት ገበታ

በአገራችን የመጀመሪያው ትልቅ ገበታ ግብር ነው። በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ አዳራሽ ሰው እንደ ማዕረጉ ተራ በተራ እየገባ፥ ሥጋውን በልቶ፥ ጠጁን ጠጥቶ ይወጣ ነበር። ሒሳብ የሚጠይቀው የለም። ነጻ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ የበላ ሰው ለአብላው በታማኝነቱና በጦር ሜዳ ይከፍላል። ዋጋው ባይጻፍም ሁሉም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ገበታ ሆቴል ነው። ይህንንም ያስጀመሩት የግብርን ሥርዓት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሴት፥ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በእኛ አገር የእቴጌ ስም እንግዳ አይደለም፤ የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ሲገዙ ኖረው በ1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወድቀዋል። እቴጌ በአዲስ አበባ ያሠሩት ሆቴል በ1900 ዓ.ም. በራቸውን ለእንግዳ ከከፈቱት የአገራችን ቀደምት ሆቴሎች ዋነኛው ነው። ሲወርድ ሲዋረድ እንደ ተነገረው፥ በዚያ ዘመን ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ስለ ነበር ደንበኛ ጠፋ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ራሳቸው መኳንንቱን እያደፋፈሩ፥ ገብተው እንዲበሉና እንዲከፍሉ አለማመዷቸው ይባላል። ሆቴሉ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ከፊሉ ቢቃጠልም፥ ታድሶ ዛሬም በፒያሳ እንግዳ ይቀበላል።

ይህ እንዴት ያለ ለውጥ እንደ ሆነ አስቡት። በግብር አዳራሽ ወንበርህን የሚወስነው ማዕረግህ ነው፤ በሆቴል ግን ዋጋው ለራስም ለባላገርም አንድ ነው። ከፍሎ የወጣ ሰው የማንም አሽከር አይሆንም። ስለዚህ በዳር የተጻፈችው ትንሽ ቁጥር የምታሳፍር ሳትሆን የምታስከብር ናት። እርስዋን አይቶ መጠየቅ ንፍገት አይደለም።

ሦስተኛው ገበታ የቁማር ቤት ገበታ ነው። የዚህም አገሩ ሞንቴ ካርሎ ነው። ሞናኮ የምትባለው ትንሽ የባሕር ዳር ግዛት ገንዘብ ቸግሯት ሳለ ፍራንሷ ብላን የሚባል ሰው በ1863 እ.ኤ.አ. የቁማር ቤቱን ሥራ ተረከበ። በዓመቱ «ኦቴል ዴ ፓሪ» የተባለው ታላቅ ሆቴል አጠገቡ ተከፈተ። ሴዛር ሪትዝ የተባለው ስመ ጥሩ የሆቴል አስተዳዳሪና ኦጉስት ኤስኮፊዬ የተባለው የወጥ ቤት ሊቅ አብረው የሠሩት እዚያው ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ነው። ከቁማሩ የሚገባው ገንዘብ ከመብዛቱ የተነሣ ገዥው በ1869 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን ከገቢ ግብር ነጻ አወጣው። የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው፤ የሞናኮ ተወላጆች እዚያ ቁማር እንዳይጫወቱ በሕግ ተከልክለዋል። ድግሱን የሚደግሰው ሰው ልጆቹን «እናንተ ከዚህ አትቅመሱ» ካለ፥ እንግዳው ምን ሊያስብ ይገባዋል?

አሜሪካኖችም በላስ ቬጋስ ይህንኑ ዘዴ አራቀቁት። ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርካሽ ዋጋ እስኪጠግቡ የሚበሉበት ገበታ ዘረጉ፤ ብዙ ለሚያሲዝ ሰውማ መኝታውንም ራቱንም በነጻ ይሰጡታል። ቸርነት ግን አይደለም። ቤቱ ያ ሰው በአማካይ ስንት እንደሚከስር አስልቶ፥ ከዚያ ላይ ጥቂቱን ቆርሶ መልሶ ያበላዋል። እንግዲህ በሦስተኛው ገበታ ዋጋው አይጻፍም፤ የበላውም ሰው መክፈሉን አያውቅም።

የቤቱ ሒሳብ

የሒሳብ መምህር ነኝና አንድ ደቂቃ ታገሡኝ። በሞንቴ ካርሎው የሩሌት መንኰራኵር ላይ ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች አሉ። በአንዱ ቁጥር ላይ 100 ብር ብታሲዙና ቢወጣላችሁ፥ ያስያዛችሁትን ጨምሮ 3,600 ብር ይመለስላችኋል። አሁን በ37ቱም ቁጥሮች ላይ 100፥ 100 ብር አስይዙ። ያወጣችሁት 3,700 ነው፤ የትኛውም ቁጥር ይውጣ፥ የሚመለስላችሁ 3,600 ነው። ቤቱ አያጭበረብርም፤ ማጭበርበር አያስፈልገውም። ያች 100 ብር መንኰራኵሩ በዞረ ቁጥር ወደ ቤቱ ትገባለች።

የእግር ኳስ ውርርድም ከዚህ አይለይም። ሁለት ወገን እኩል ዕድል ባለው ውርርድ ቤቱ ለ100 ብር 200 መክፈል ሲገባው 180 ይከፍላል እንበል። በአንድ ጨዋታ የምታጡት ከመቶ አሥር ነው። እንዲህ ያሉ አምስት ጨዋታዎችን በአንድ ወረቀት ስታያይዙ ግን 0.9ን አምስት ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ የ100 ብራችሁ ዋጋ ወደ 59 ብር ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ የሚታየው ትልቅ ቁጥር ዓይንን ይሞላል፤ 41 ብሩ ግን ገና ኳሱ ሳይመታ ሄዷል።

ቋንቋችን ይህን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ቁማርተኛ ሲያሸንፍ «በላ» ይባላል፤ ሲሸነፍ ደግሞ «ተበላ» እንላለን። በአንድ ገበታ የተቀመጡ ሁለቱም ሊበሉ አይችሉም፤ አንዱ በላተኛ ከሆነ ሌላው ምግብ ነው።

ወደ ራታችን ልመለስ

ሒሳቡ መጣ። የምግቡና የመጠጡ ዋጋ ሲደመር 5,000 ብር ነበር። በዚያ ላይ ከመቶ አሥር የአገልግሎት ሲጨመር 5,500 ሆነ፤ ከመቶ አሥራ አምስት ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር ደግሞ 6,325 ብር። ጓደኛዬ ከነጉርሻው ቆጥሮ ሰጠና ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

በማግሥቱ ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ በመኪና ውስጥ አንድ የከተማችንን ታሪክ አነሣሁለት። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፥ የእቴጌ ጣይቱ አጎት፥ ደብረ ታቦር ላይ ከራስ አሊ ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ። ራስ አሊ ሸሹ። ደጃዝማች ውቤ ግን ከመኳንንቶቻቸው ጋር በድንኳናቸው የድል ግብር ተቀምጠው ሲደሰቱ፥ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ማረኳቸው። የበሉበት ገበታ ሳይነሣ ተበሉ። ጓደኛዬ ታሪኩን ሰምቶ ሣቀና፥ «እኔን ደግሞ ማን ይማርከኛል?» አለኝ።

በጥር ወር መጨረሻ ላይ መልሱ መጣ። ማታ ቤቴ መጥቶ ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ሊበደር እንደሆነ ነገረኝና፥ «ዋስ ሁነኝ» አለኝ። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ውዝፍ ነበረበት። አንባቢዎቼ፥ ራቱን የበላሁለት ሰው ዋስ ሁነኝ ሲለኝ እንዴት እምቢ ልበለው? እሺስ ብል፥ በኔ ደመወዝ የሚማረው ታናሽ ወንድሜስ? ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ደብተር ይዤ ሄድሁ። «ዋስ ከመሆኔ በፊት አብረን እንደምር» አልሁት። ከመስከረም እስከ ጥር በስልኩ ላይ የቀረውን ሁሉ እያነበበ ነገረኝ፥ እኔም ጻፍሁ። ያስያዘው ጠቅላላ 31,400 ብር ሆነ። ያ አሥራ ሁለት ሺህ ሳይቀር የተመለሰለት ጠቅላላ 19,600 ብር ነው። ልዩነቱ 11,800 ብር። ጓደኛዬ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየና በለሆሳስ፥ «ታዲያ ያን ራት ማን ነው ያበላን?» አለኝ። «አንተ ነህ፤ ያውም ከኪራይህ» አልሁት።

ዋስ አልሆንሁትም። በምትኩ ከቁጠባዬ የአንድ ወሩን ኪራይ ሰጠሁት፤ ሌላው መምህር ጥቂት ጨመረ፤ ጋሼም ከልጅ ልጃቸው የልደት ገንዘብ ላይ ቀንሰው አዋጡ። በዋስትናው እምቢ በማለቴ ለአንድ ወር ያህል አኵርፎኝ ነበር። አሁን ታርቀናል። ፈጽሞ ትቶታል ብዬ ግን አልምልላችሁም፤ እርሱም ይህን እንዳልጽፍ አልከለከለኝም።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ትልቅ ሆቴል አትግቡ አልልም፤ ግቡ፥ ሥርዓቱንም እወቁ። ሹካና ቢላዋውን ከውጭ ወደ ውስጥ ተጠቀሙ፤ ያላወቃችሁትን የምግብ ስም ሳታፍሩ አሳላፊውን ጠይቁ፤ አገልግሎትና ታክስ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ከማዘዛችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ከሌለበት 1,000 ብር የተባለው 1,265 ሊሆን ይችላልና። ለዓመት አንድ ቀን ከደመወዛችሁ አጠራቅማችሁ እናታችሁን ብትጋብዙበት ክብር ነው። ዋጋውን ያልጻፈላችሁን ገበታ ግን ፍሩት።

ባለፈው ነሐሴ፥ በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ፥ አራታችንም በጋሼ ቤት ተሰበሰብን። የሰፈር ልጆች ጅራፍ እያጮኹ መጥተው በራፍ ላይ ጨፈሩ፤ ባለቤታቸውም ሙልሙሉን አደሉ። ጋሼ ከመሶቡ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው መጀመሪያ ለጓደኛዬ አጎረሱት። ወዲያው ደግሞ ሁለተኛውን። «አንድ ያጣላል» አሉ፤ ጓደኛዬም አፉ ስለ ሞላ መልስ አልሰጠም።