መኪናው እየጮኸ መሄድ ሲያቅተው
ስለ ፍሪሲዮን መንሸራተት ለመኪና ባለቤቶች የቀረበ ማብራሪያ

የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የንግድ ትርፍ የሚለካው በገበያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከተገዛበት ስፍራ እስከሚሸጥበት ስፍራ ድረስ በሚወጣው ወጪ ጭምር ነው። ከዚህም ወጪ ከፍ ያለውን ድርሻ ከሚይዙት መካከል ነዳጅና የጥገና ሒሳብ ይገኙበታል። ስለዚህ መኪናው ከልማዱ በላይ ነዳጅ መብላት ሲጀምርና በዳገት ላይ ሲዘገይ ባለቤቱ ምክንያቱን ለማወቅ መሻቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ነገሩን ሳያጣራ የሚፈርድ ባለቤት በገንዘቡም በሠራተኛውም ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የእህል ነጋዴ ከደጀን ወደ አዲስ አበባ 50 ኩንታል ጤፍ የሚያመጣ መኪና አለው እንበል። መንገዱ ከደጀን ወደ ዓባይ ወንዝ ይወርድና እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ ዳገቱም ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ የሚያስወጣ ስለሆነ ለተጫነ መኪና ብርቱ ፈተና ነው። ሾፌሩ ሲመለስ «ጋሼ፣ መኪናው ይጮኻል እንጂ አይሄድም፤ ነዳጁም አልበቃኝም» ቢል፣ ነጋዴው ከሁለት አንዱን ይጠረጥር ይሆናል፤ ወይ ሾፌሩ ነዳጅ ሸጧል፣ ወይም ሞተሩ ደክሟል ብሎ። በመጀመሪያው ጥርጣሬ እውነተኛ ሠራተኛ ከእንጀራው ይፈናቀላል፤ በሁለተኛው ደግሞ ጤነኛ ሞተር ተፈትቶ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። የሾፌሩ ቃል በሚገባ ቢመረመር ግን፣ ከሁሉ አስቀድሞ መፈተን የሚገባው ፍሪሲዮኑ መሆኑን የሚያመለክት ነው።

ፍሪሲዮን የሚለው ስም ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ሰበቃ ማለት ነው። ስፍራው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ነው። ቮላኖ የተባለው ከባድ ክብ ብረት ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ በአጠገቡም ሸራ የለበሰ ዲስክ አለ፤ ይህም ዲስክ ወደ ካምቢዮ ከሚገባው ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው። በብርቱ ሞላ የሚገፋ ሌላ ብረት ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ስለሚይዘው ሦስቱ እንደ አንድ አካል ሆነው ይዞራሉ። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ግፊቱ ይላላል፤ ዲስኩም ነጻ ይሆናል፤ በዚህን ጊዜ ማርሽ ይለወጣል። እግሩን ሲያነሣ ደግሞ ዲስኩ እንደገና ይጨበጣል። እንግዲህ ፍሪሲዮን ተንሸራተተ የሚባለው ሾፌሩ ፔዳሉን ሳይረግጥ ዲስኩ መጨበጥ ሲሳነው፣ ሞተሩም ዲስኩን ጥሎ ብቻውን ሲዞር ነው። በዚህ ጊዜ ከሞተሩ ጉልበት ከፊሉ ወደ ጎማ መድረሱ ቀርቶ ሙቀት ብቻ ይሆናል። ነዳጁ የጠፋው በሌባ ሳይሆን በዚሁ ሙቀት ነው።

የደከመ ሞተርና የተንሸራተተ ፍሪሲዮን በዳገት ላይ የሚያሳዩት ምልክት የተለያየ ነው። ሞተሩ የደከመ እንደሆነ የሞተሩ ዙርና የመኪናው ፍጥነት አብረው ይወርዳሉ። በደጋ አገር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል፤ ይህ የተፈጥሮ ነገር እንጂ ብልሽት አይደለም። ፍሪሲዮኑ የተንሸራተተ እንደሆነ ግን የሞተሩ ድምፅና ዙር ሲጨምር የመኪናው ፍጥነት ባለበት ይቆማል፤ ወይም ይቀንሳል። ምልክቱ በመጀመሪያ የሚታየው ጭነት በበዛበት፣ በከፍተኛ ማርሽና በዳገት ላይ ነው። እየባሰ ሲሄድ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይከተላል። ማርሽ አልገባ ብሎ የሚንቋቋ ከሆነ ግን ይህ ተቃራኒው ብልሽት ነው፤ ዲስኩ መለቀቅ አቃተው እንጂ መጨበጥ አላቃተውም።

ነገሩን ለማረጋገጥ ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና አለ። መኪናው በሜዳ ላይ ይቆማል፤ ጎማው በታኮ ይደገፋል፤ የእጅ ፍሬኑ በሚገባ ይሳባል፤ በፊቱም በኋላውም ሰው እንዳይቆም ይደረጋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሾፌሩ የእግር ፍሪሲዮኑን ረግጦ ከፍተኛ ማርሽ ያስገባል፤ ነዳጅ በጥቂቱ እየሰጠም ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይለቃል። ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ተጨንቆ ወዲያው ይጠፋል። ሞተሩ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው። ፈተናው ከጥቂት ሴኮንድ እንዳያልፍና እንዳይደጋገም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ፈተናው ራሱ ሸራውን ያቃጥላል።

መንሸራተቱ ከታወቀ በኋላ ዲስክ ለመግዛት ከመቸኮል በፊት ምክንያቱ ይፈለጋል። በገመድ በሚሠራ ፍሪሲዮን ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ባዶ ጉዞ ሊኖረው ይገባል፤ ልኩም በመኪናው መጽሐፍ ተጽፏል። ይህ ባዶ ጉዞ ከጠፋ ፔዳሉ ሳይረገጥ እንደተረገጠ ይቆጠራል። ይህን ማስተካከል የአጭር ጊዜ ሥራ ነውና በቶሎ ከታረመ ካምቢዮ ማውረድ ላያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ዘይት ነው፤ በሞተሩ ኋላ ወይም በካምቢዮው ፊት ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ሲያረጅ ዘይት ወደ ሸራው ይደርሳል። ይህ ሳይለወጥ አዲስ ዲስክ ቢገባ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል፤ ባለቤቱም አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ሦስተኛው የሸራው አልቆ መሳሳት፣ አራተኛውም የሞላው መድከም ነው።

ሸራን ያለ ዕድሜው የሚጨርሱ ልማዶችም አሉ። እግርን በፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳት፣ በዳገት ላይ መኪናን በእጅ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ማቆም የሾፌሩ ጥፋት ነው። መኪናው ከተፈቀደለት በላይ መጫን ግን የባለቤቱ ጥፋት ነውና፣ ሾፌሩን ከመውቀስ በፊት የጭነቱን ልክ መመልከት ይገባል።

ለጥገና ካምቢዮው የሚወርድ ከሆነ፣ የሚበዛው ድካም በማውረዱና በመስቀሉ ስለሆነ፣ ዲስኩን፣ የሚጫነውን ብረትና የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ አብሮ መለወጥ ይበጃል። ቮላኖውም በሙቀት ተሰንጥቆ ወይም ተፍቆ እንደሆነ ይመረመራል። በቀድሞ ዘመን ብዙ ሸራዎች አስቤስቶስ የተባለ ሳንባን የሚጎዳና የነቀርሳ በሽታ የሚያስከትል ነገር ነበረባቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በእ.ኤ.አ. 2005 ዓ.ም. አጠቃቀሙን ከልክለዋል። አሮጌ ሸራ የቱ እንደሆነ በዐይን ስለማይለይ፣ መካኒኮች አቧራውን በአየር ግፊት ከመንፋት ተቆጥበው በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርጉት ለጤናቸው ይበጃል።

በመጨረሻም ከነዳጅ የሚበልጥ ነገር አለ። ጭነት የያዘ መኪና ወደ ዓባይ ሲወርድ ፍጥነቱን የሚገታው ፍሬኑ ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘው ሞተር ጭምር ነው። ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ይሳነዋል፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ሲግል ኃይሉን ያጣል። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሾፌር «ይጮኻል እንጂ አይሄድም» ባለ ጊዜ ባለቤቱ በዚያው ቀን መኪናውን አስፈትኖ፣ ብልሽቱ እስኪታረም ድረስ ጭነት ባያስጭነው፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ንብረቱንም ሠራተኛውንም ይጠብቃል።