የጓንግና የሰቲት ቆላ በካርታ ሉሆች ላይ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ከውሉ ጋር በተያያዘው ካርታ ላይ በቀይ የተሰመረው መስመር ነው ይላል። መስመሩ ከኡም ሐጀር ተነስቶ በጋላባት አልፎ አባይን ይሻገርና ወደ ባሮ፣ ፒቦርና አኮቦ ይወርዳል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ዲያ-ኤልዲን ኤልናየም የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ስለ ሱዳኑ ገዳሪፍ ግዛት አንድ ጥናት አሳተመ። ጥናቱ በካርታ ለማሳየት የፈለገው ካላዛር የተባለው በሽታ የሚበረታው በየትኛው መንደር እንደሆነ ነው። ሁለቱም ካርታዎች ከጋላባት ግራና ቀኝ ስለተዘረጋው ቆላ ይናገራሉ፤ ይሁንና አንደኛውን ብቻ ያየ ሰው ሌላኛው የሚያወራለትን አገር አያውቀውም።

ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የምናውቀው ካርታ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ይይዛል፤ ከተማ፣ ወንዝ፣ ተራራ፣ መንገድ። ጭብጥ ተኮር የሚባለው ካርታ ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ አንድ ጥያቄ ይመልሳል። ዝናቡ የት ይበዛል? አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ሰው ከየት ወደ የት ይፈልሳል? የታሪክ ካርታም ቢሆን የዚያው ወገን ነው፤ የዘመኑ ሰው ሊያውቅ የፈለገውን ይዞ ያልፈለገውን ትቷል። ስለዚህ አንድን ካርታ ሳነብ ከስፋቱና ከውበቱ በፊት የምጠይቀው ማን፣ ለምን ጉዳይ እንዳሠራው ነው። የገዳሪፍና የመተማ ቆላ ለዚህ ዓይነት ንባብ እጅግ ይመቻል። ወሰኑ፣ ወንዙ፣ አፈሩና በሽታው የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን እያቋረጠ ያልፋል።

ከጥንቱ ልጀምር። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ የዓለም ካርታ ሠራ፤ ዛሬም እዚያው ቬኒስ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ደቡብን ከላይ ስላደረገው መጀመሪያ ያየው ሰው ግራ ይጋባል። ለኢትዮጵያ የሰጠው ቦታ ሰፊ ነው፤ አባይ፣ አዋሽና ተከዜ በስማቸው ተጽፈውበታል። መረጃውን ያገኘው አውራጃዎቹንና ወንዞቹን በገዛ እጃቸው ነድፈው ካሳዩት የአገሩ ሰዎች እንደሆነ ራሱ ካርታው ላይ አስፍሯል። ብዙ ጊዜ አገራችን በባዕድ እጅ ብቻ እንደተሳለች አድርገን እንናገራለን። ለእኔ ይህ ካርታ የሚያስረዳኝ ግን ከጅምሩ የኛ ሰዎች እጅ እንደነበረበት ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ አገሩ ሲመለስ የመረጠው በዚሁ ቆላ የሚያልፈውን መንገድ ነበር። በ1772 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለበት በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በራስ አል-ፊል በኩል፣ ማለትም በዛሬው መተማ አካባቢ፣ አድርጎ ወደ ሴናር ወረደ። በመንገድ ላይ ተዋ በምትባል ስፍራ የአካባቢው ሼክ ይዞ አስቸግሮታል። ከባዱን የነሐስ የከዋክብት መለኪያ በበረሃው ሁሉ ይዞ ይጓዝ ስለነበር በ1790 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ካርታዎች በልኬት የተደገፉ ናቸው። ብሩስን ያሳሰበው ግን የአባይ ምንጭና የራሱ መንገድ ነው፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቆላ ባዶ ይመስላል።

ያን ባዶ ከሞሉት ሰዎች ከሁሉም የማደንቀው ሳሙኤል ቤከርን ነው። በ1861 በኋላ ካገባት ከፍሎረንስ ጋር ወደ አትባራ መጣ። ያኔ አትባራ በበጋው ደርቆ አሸዋ ሆኖ ነበር፤ ጉማሬውና አዞው በየኩሬው ተጨናንቆ ይታይ ነበር። በሰኔ አንድ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ የሚያስተጋባ ድምፅ ተሰማ፤ ጎሕ ሲቀድ ደረቁ አሸዋ ትልቅ ወንዝ ሆኖ አገኙት። እነሱ ባሉበት ዝናብ አልጣለም፤ የዘነበው በሐበሻ ደጋ ነው። ቤከር ክረምቱን በአትባራ ዳር ሶፊ በምትባል መንደር ካሳለፈ በኋላ ሰቲትን፣ ሮያንን፣ ሰላምንና አንገረብን እየተከተለ ዞረ፤ ከዚያም በጋላባት አልፎ ራሃድንና ዲንደርን አይቶ ካርቱም ገባ። በ1867 ያሳተመው የወንዞች ካርታ የያዘው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ግብፅን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍና እርሻዋን የሚያለመልመው ጥቁር ደለል ከየት ይመጣል? የመካከለኛው አፍሪካ ሐይቆች ውሃውን ዓመቱን ሙሉ ያስኬዱታል፤ ጎርፉና ደለሉ ግን ከኢትዮጵያ ነው አለ። ጓንግና ተከዜ ከየት ተነስተው ወዴት እንደሚወርዱ የሚያውቅ የጭልጋ ወይም የወልቃይት ገበሬ ይህን ሳይጠይቁት ይነግራቸው ነበር። ካርታው የጨመረው በሩቅ ላለ ሰው በዓይን እንዲታይ ማድረጉን ነው።

እነዚህን ሉሆች አንዱን ካንዱ ለማስተያየት አንድ ነገር አስቀድሞ መያዝ ይጠቅማል። ተከዜ ወሰኑን ሲያልፍ በሱዳን ካርታ ላይ ሰቲት ነው፤ ጓንግ አትባራ፣ ሽንፋ ደግሞ ራሃድ ይሆናል። ገዳሪፍም በድሮ ሉሆች ሱቅ አቡ ሲን ተብላ ትገኛለች። ይህን የማያውቅ ሰው አንዱን ወንዝ ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

ወደ ቀዩ መስመር ልመለስ። የውሉ ሁለተኛ አንቀጽ ወሰኑ በሁለቱ ወገን የጋራ ኮሚሽን መሬት ላይ ምልክት እንዲደረግበት ያዝዝ ነበር። በ1903 ምልክቱን ያደረገው ግን የእንግሊዝ የመሐንዲስ ጦር መኮንን ቻርልስ ግዊን ነው፤ የኢትዮጵያ ወኪሎች አብረውት አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ መካከል ያለው አልፋሽጋ የሚባለው ለም መሬት ሲያከራክር ኖሯል። በ1972 ሁለቱ መንግሥታት ስለዚሁ ወሰን ደብዳቤ ተለዋውጠዋል፤ በ2020 መጨረሻ ደግሞ ክርክሩ ወደ መሣሪያ ደርሷል። የሕጉን ክርክር ለሕግ ሰዎች ልተውና በካርታ ንባብ በኩል ያለውን ልናገር። 1 ለ1,000,000 በሆነ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስመር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። አንድ ገበሬ ማሽላውን ዘርቶ፣ ቤቱን ሠርቶ፣ ከብቱን አስሮ በዚያ ቀለም ውስጥ ሊኖር ይችላል። መስመር ያለበትን ካርታ ስታነቡ መጀመሪያ መስፈርቱን ተመልከቱ የምለው ለዚህ ነው።

ጋላባትና መተማን የሚለያቸው አንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ ነው። አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የቆሰሉት በዚያ ሜዳ ነው። በኅዳር 1940 ደግሞ የኋላው ፊልድ ማርሻል ዊልያም ስሊም የመራው ብርጌድ ጣልያንን በዚያው ስፍራ ገጥሟል። የጦር ካርታ የሚፈልገው ኮረብታ፣ ውሃና የመድፍ መንገድ ነው፤ በሁለቱም ውጊያ ቦታውን አስፈላጊ ያደረገው ከደጋ ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው የንግድ መንገድ በዚያ ማለፉ ነው።

ስለ ልኬት ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ 1 ለ50,000 ሉሆች መፍቻ ሥር አዲንዳን የሚል ስም ተጽፎ ይገኛል። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር በአባይ ዳር የነበረች የኑቢያ መንደር ናት፤ የሱዳንም የኢትዮጵያም የመሬት ቅየሳ መነሻ ነጥብ እዚያ ነበር። ዛሬ ያ ስፍራ በአስዋን ግድብ ሐይቅ ውሃ ተውጧል። እዚያው አቅራቢያ የነበሩት የሱዳን ዋዲ ሃልፋ ሰዎችም በ1960ዎቹ ተነስተው ከገዳሪፍ በስተሰሜን በአትባራ ዳር በተቆረቆረችው አዲስ ሃልፋ ሰፈሩ። በስልክ ጂፒኤስ ያነበባችሁትን የፍርግርግ ቁጥር ሳታስተካክሉ በድሮው ሉህ ላይ ብትጥሉት ወደ 200 ሜትር ያህል ትስታላችሁ፤ ምክንያቱም ስልኩ የሚቆጥረው ከአዲንዳን አይደለም።

አሁን ወደ ካላዛሩ ካርታ። በሽታው ትኩሳት፣ የጣፊያ እብጠትና መክሳት ያስከትላል፤ ካልታከመ ይገድላል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን የሚሸሸገው በጋ በሰነጠቀው ዋልካ ስንጥቅ ውስጥ ነው። የሚወደውም ሱዳኖች ጠልህ የሚሉት ግራርና ፍሬውን ላሎብ የሚሉት ዛፍ ያለበትን ዱር ነው። ስለዚህ አንድ የአፈር ካርታ፣ አንድ የዝናብ ካርታና አንድ የደን ካርታ ብትደራርቡ የበሽታው መልክ ማንም ሳይነግራችሁ መታየት ይጀምራል። የ2003ቱ ጥናት ገዳሪፍ ውስጥ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ መንደሮቹን የሚለያያቸው የዝናቡ መጠንና የቦታው ከፍታ ነበር።

ዋልካው እዚያ አያቆምም፤ ቀዩን መስመር አቋርጦ ወደ መተማና ሁመራ ይዘልቃል። ገዳሪፍን የማሽላና የሰሊጥ አገር ያደረገው ይኸው አፈር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እንግሊዞች ለጦሩ ቀለብ ብለው በገደምባሊያ የትራክተር እርሻ ያስጀመሩት፣ በኛም በኩል ሰሊጡ በየዓመቱ የደጋውን ወጣት ለአረምና ለአጨዳ የሚጠራው በዚሁ አፈር ምክንያት ነው። ሠራተኛው የሚያድረው ዛፍ ሥር፣ ሜዳ ላይ ነው። በ2005 ካላዛር ከዚህ ሁሉ ርቆ ጣና አጠገብ፣ ከዚያ በፊት በማይታወቅበት በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሆኖ ተገኘ። የአፈሩ ካርታ ለዚህ መልስ የለውም። የሠራተኛውን የመሄጃና የመመለሻ መንገድ የሚያሳይ ሉህ ከላዩ ሲደረብ ግን ነገሩ ይገባል፤ ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። ካርታ የሰው ሕይወት ያድናል ስል ይህን አስቤ ነው፤ ሐኪሙ ጣፊያው ያበጠ ገበሬ ሲመጣለት የት ከርመህ መጣህ ብሎ እንዲጠይቅ ያደርጋል።

እነዚህን ካርታዎች ለማየት ሩቅ መሄድ ግድ አይደለም። በአሜሪካ ጦር የካርታ አገልግሎት የተሠሩት የኢትዮጵያና የሱዳን ሉሆች በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የካርታ ስብስብ በነፃ ይገኛሉ። እንግሊዝ አገር ያለው የደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን መዝገብ ቤት የዚያን ዘመን ሹማምንት የተዉአቸውን ካርታዎች ይዟል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ወንዝ ብቻ ምረጡ፤ ጓንግን ለምሳሌ። ከብሩስ እስከ ሳተላይቱ ሥዕል በየሉሁ ተከተሉት። በሹዋክ አጠገብ ያለው የአትባራና የሰቲት ግድብ ሐይቅ ከ2010ዎቹ አጋማሽ በፊት በታተመ በየትኛውም ሉህ ላይ የለም።

ከሁሉም በፍጥነት የሚያረጀው የስደተኛ ካርታ ነው። ከገዳሪፍ በስተምሥራቅ ያለችው ኡም ራኩባ በ1984ቱ ረሃብ ጊዜ የኢትዮጵያ ስደተኞች ካምፕ ሆና ካርታ ላይ ሰፍራለች። እስራኤል በዘመቻ ሙሴ የወሰደቻቸው ብዙ ቤተ እስራኤላውያንም በእሷና በገዳሪፍ አጠገብ በነበረችው ተዋዋ ተጠልለው ነበር። በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ሲመጣ ኡም ራኩባ እንደገና ካርታ ላይ ወጣች። በሁለቱም ካርታዎች ላይ ቀስቶቹ ከደጋ ወደ ገዳሪፍ ያመለክታሉ። የሱዳን ጦርነት ከተነሳበት ከሚያዝያ 2023 በኋላ በተሠሩት ላይ ግን ቀስቶቹ ከካርቱምና ከጀዚራ ተነስተው ገዳሪፍን ያልፉና በጋላባት ተሻግረው መተማ ይገቡ ነበር፤ ከመተማ ማዶም ኩመርና አውላላ የተባሉ የስደተኛ ጣቢያዎች ተጽፈውባቸው ነበር።